ለዝክር ሰው አይጠራም

ውድ አበልጄ ኦብረን፤

ብዕሩን የያዘችው ልጄ ስታና ናት፤ አንተ ክርስትና ያነሳሃት። እጁ የሷ ነው፤ አፉ ግን የኔ የሪስቶ ነው። ፊደል እንደማልቆጥር ታውቃለህ። ሰባ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አላፈርኩበትም፤ አሁን ማፈር ልጀምር አልፈልግም። ስለዚህ እዚህ ደብዳቤ ላይ ያማረ ነገር ካገኘህ የኔ ነው፤ ስህተት ካገኘህ የሷ ነው።

«ለምን ስልክ አልደወለም?» ትል ይሆናል። ከጃክሰን ሳክራሜንቶ በአውቶቡስ ሁለት ሰዓት የማይሞላ መንገድ ነው። ስልክም ቤታችን ገብቷል፤ ያውም ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ዓይነት። ግን ከደወልኩ ድምፄን ትሰማለህ፤ ድምፄን ከሰማህ ደግሞ ለልጅህም ለምራትህም «ሪስቶ ጠራኝ፣ በመጨረሻ ተሸነፈ» ብለህ ታወራለህ። እኔ ማንንም አልጠራሁም። ይሄን ከአሁኑ ያዝልኝ፤ ይህ ደብዳቤ ጥሪ አይደለም። ስታና፣ ከሥሩ አስምሪበት። አሰመረችበት።

የተጣላንበትን ነገር መቼም አልረሳኸውም። ግን ስታወራው ግማሹን እየዋጥክ መሆኑን ስለሰማሁ ሙሉውን ላስጽፈው። ባለቤቴ ያንያ በሞተችበት ዓመት የቤታችን የቅዱስ ኒቆላዎስ ዝክር ሲደርስ አልመጣህም። ዓሣው ቀረበ፣ ሻማው በራ፣ ቄሱ መጡ፤ ወንበርህ ባዶ። በሳምንቱ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ስጠይቅህ «ሐዘን ላይ ነህ፤ ዘንድሮ ትዘክር አትዘክር ምን አውቄ? ብትጠራኝ ኖሮ እመጣ ነበር» አልከኝ።

ብትጠራኝ! ኦብረን፣ እኛ ለሠርግ ሰው እንጠራለን፤ ለክርስትና እንጠራለን። ለዝክር ግን ሰው አይጠራም። የጻድቁ ቀን የታወቀ ነው፤ በሩ ክፍት ነው፤ ያወቀ ይመጣል። ባለቤቱ አንዱን «ና» ካለማ ሌላውን «አትምጣ» ማለቱ ነው። ይሄን ደግሞ ያስተማረኝ ያንተው አባት ነው፣ ነፍሱን ይማር። አንተ ግን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት «እንግዲያው እስክትጠራኝ እግሬን አላነሳም» አልክ። እኔም «ከጠራሁህ ምላሴ ይቆረጥ» አልኩ። ከዚያ ጓዝህን ጠቅልለህ ሳክራሜንቶ ልጅህ ቤት ገባህ። ይኸው አሥራ ስምንት ዓመት። እልህ ምላጭ ያስውጣል ይላሉ፤ እኛ ምላጩን ከነቡርሹ ነው የዋጥነው።

ይሄን ተወው። የማስጽፍልህ ስለ ጉድጓዳችን ነው።

ከወይን ገበሬው ከባቲስታ ኮረብታ ሥር፣ ከትልቁ የማዕድን ሥራችን ስንወጣ ተደብቀን ሁለት ክረምት የቆፈርነው ጉድጓድ። ወርቅ ፈልገን ውሃ አገኘን፤ ከውሃው ጉንፋን አገኘን፤ ያንተን የግራ ቦት ጫማ ደግሞ ጭቃው ዋጠው። አለቃችን እንዳያየን ብለን ከባቲስታ የወይን ቅርንጫፍ ለምነን ከአፉ ፊት ለፊት ተከልን። ወርቁ እምቢ አለ። ወይኑ ግን ለማታለያ መተከሉን የነገረው ሰው ስለሌለ የእውነቱን በቀለ። አሁን አንዱ ግንድ ከኔ ጭን ይወፍራል፤ የኔ ጭን ከስቶ ቢሆንም።

አሁን ኮረብታውን የገዛው ሃለት የሚባል የጥርስ ሐኪም ነው፤ ከሳን ፍራንሲስኮ የመጣ። ዕድሜውን ሙሉ የሰው ጥርስ ላይ ወርቅ ሲተክል ኖሮ፣ አሁን ወርቅ በሌለበት ኮረብታ ላይ ወይን ይተክላል። አገሩ ሁሉ እንዲህ ሆኗል። ዱሮ ድማሚት ይጮህ የነበረበት ቦታ ዛሬ የሚጮኸው ቡሽ ነው። ስታናም ከፀደይ ጀምሮ እዚያ ወይን ጠጅ ቀጂ ሆናለች፤ እና በየቀኑ ትነዘንዘኛለች።

«አባዬ፣ አንድ ቀን እንኳ መጥተህ ጉድጓዳችሁን እየው።»

«እኔ ጉድጓድ ስገባ ተከፍሎኝ ነው። ከፍዬ አልገባም።»

«አንተ አትከፍልም።»

«እነሱስ አይከፍሉኝም?»

«አባዬ!»

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተሸነፍኩላት። ለመቀበሪያዬ ያስቀመጥኩትን ጥቁር ሱፍ ለብሼ ብቅ ስል ክው አለች።

«ምነው ይሄን ለበስከው? ወይን ጠጅ ልትቀምስ እኮ ነው።»

«ጉድጓድ ነው የምትገባው አላልሽኝም? ለጉድጓድ ያስቀመጥኩት ልብስ ይሄ ነው።»

መቅመሻ ቤቱ የባቲስታ የበቅሎ ጋጣ የነበረው ነው። ጠረጴዛ ዘርግተውበታል፤ ሽታው ወጥቷል። የገዛ ልጄ ፊቴ ቆማ ትልቅ ብርጭቆ አቀረበችልኝና የዓይን ጠብታ የምታህል ወይን ጠጅ ከሥሩ ጣል አደረገችበት።

«ምነው፣ መድኃኒት ነው እንዴ?» አልኳት።

«መቅመሻ ነው፣ አባዬ።»

«ለጠላቴ እንኳ እንዲህ ቀድቼ አላውቅም።»

ከጎኔ ባርኔጣ ያደረገች ሴትዮ ነበረች። ብርጭቆዋን አዞረች፣ አዞረች፤ አሸተተች፤ አፏ ውስጥ አንጉመጠመጠች። ከዚያ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? ጠረጴዛው ላይ ያለ ባልዲ ውስጥ፣ ትፍ! አማተብኩ። እኛ ለዝክር ዳቦው ላይ በመስቀል ቅርጽ የምናፈሰውን ወይን፣ ባልዲ ውስጥ! ድንገት ያመማት መስሎኝ ልደግፋት ስነሳ ስታና ክንዴን ያዘችኝ።

«አላመማትም። እንዳይሰክሩ ነው የሚተፉት።»

«ላለመስከር ከሆነ ለምን ቤታቸው አይቀመጡም?»

ይሄኔ ሐኪሙ መጣ። ቀጭን ነው፤ ጥርሱ እንደ ሻማ የነጣ። ከሌላ ጠርሙስ ቀዳልኝ። «ጌታዬ፣ ይህ ከአሮጌዎቹ ግንዶች የመጣ ነው» አለኝ። «ልብ ብለው ቢያጣጥሙት ቆዳ ቆዳ ይላል። ያረጀ ቆዳ።»

ጨለጥኩት። እውነትም ቆዳ ቆዳ ይላል።

«የኦብረን ቦት ጫማ ነው» አልኩት።

«ምን አሉኝ?»

«የግራው። ግንዱ ሥር ነው የተቀበረው።»

ሐኪሙ የቀለድኩ መስሎት ሳቀ። ሴትዮዋ ግን አልሳቀችም፤ ባልዲውን ወደ ራሷ ሳብ አደረገችው።

እውነቱን ልንገርህ፣ ወይን ጠጁ ጥሩ ነው። እኛ ከነዚያው ግንዶች የጠመቅነው ሆምጣጤ ነበር፤ ሆምጣጤ መሆኑን እያወቅን «ጠንካራ ነው» እየተባባልን ስንጠጣ ኖርን። ሰውየው ከኛ በልጧል። ይሄን ለሰው እንዳታወራብኝ።

ከዚያ ወደ ጉድጓዳችን አስገቡን። ኦብረን፣ ብታየው ታለቅሳለህ ወይም ትስቃለህ፤ እኔ ሁለቱንም ሞከርኩ። እኛ በሆዳችን እየተሳብን የገባንበት ዛሬ ወፍራም ሰው ቀጥ ብሎ ይሄድበታል። የኤሌክትሪክ መብራት አለው። ግራና ቀኙን የእንጨት በርሜል ተደርድሯል። ጎብኚዎቹ ጣሪያ ጣሪያውን እያዩ «ወይ ጉድ» ይላሉ። ሐኪሙ ፊት ፊት እየሄደ ይተርካል፦ «ከሩቅ አገር የመጡ ሁለት ወንድማማቾች ከዚህች ዋሻ ትልቅ ወርቅ አወጡ፤ ከወርቁ በኋላም ይህን ወይን ለመታሰቢያ ተከሉ።»

ምን ወርቅ! «ጉንፋን ነው ያወጣነው» ልል አፌን ስከፍት አንተን አየሁህ። ግድግዳው ላይ፣ በመስታወት ክፈፍ ውስጥ፣ መብራት በርቶልህ። ባቲስታ ጉድጓዱ አፍ ላይ ያነሳን ያ ፎቶግራፍ ነው። አንተ በግራ ባርኔጣህን አዘንብለህ፣ እኔ በቀኝ፣ የባቲስታ በቅሎ በመሐል። ቆንጆዎች ነበርን። በተለይ እኔ።

ከሥሩ ጽሑፍ አለ። «አንብቢልኝ» አልኳት ስታናን።

«ኦብረን ኮቫች ከአበልጁ ጋር።»

«ሌላስ?»

«ሌላ... በቅሎዋ።»

«በቅሎዋ ምን?»

ክንዴን ያዘችኝ። ስታና ክንዴን ስትይዝ የሚያናድድ ነገር እንዳለ አውቃለሁ።

«የበቅሎዋ ስም ተጽፏል» አለችኝ። «ሮዚና ይላል።»

የበቅሎዋ ስም! የኔ የለም፤ የበቅሎዋ አለ! ደግሞ ሮዚና? ሮዚና እኮ የባቲስታ ሚስት ናት፣ አንተ ሰው! በቅሎዋ ቤላ ነበረች። የሮዚና ልጆች እስከ ዛሬ እዚሁ ከተማ ናቸው፤ ታላቁ ሥጋ ሻጭ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ቢላዋ ከእጁ አይለይም። ዋሻ ውስጥ እንዴት እንደጮህኩ ልነግርህ አልችልም። በርሜሎቹ ሳይቀሩ አስተጋቡልኝ።

«ይሄ እኔ ነኝ!» አልኩት ሐኪሙን። «ይሄ ፊት የማን ይመስልሃል?»

ፎቶውን አየ፤ እኔን አየ፤ እንደገና ፎቶውን አየ። «ሊሆን ይችላል» አለ። ሊሆን ይችላል! ከዚያ ግን እጄን ይዞ ወደ ጥግ ወሰደኝና የነገረኝን ነገር ልክ እሱ እንዳለው ላስጽፍልህ፤ ምክንያቱም አሁን ምስክር አለብህ፣ ያውም ሐኪም።

«ፎቶውን ያመጡት ሽማግሌው ኦብረን ራሳቸው ናቸው» አለኝ። «ባለፈው መኸር ከልጅ ልጃቸው ጋር መጥተው። የእርስዎን ስም ብጠይቃቸው ‹አበልጄ ነው› አሉኝ። ‹እሱማ ስም አይደለም› ብላቸው ተቆጡኝ። ‹ከስም ይበልጣል! ስሙ እንዲጻፍ ከፈለገ ራሱ መጥቶ ይናገር፤ የሰው ስም ባለቤቱ በሌለበት አይሰቀልም› አሉኝ።»

«የበቅሎዋንስ?»

«የበቅሎዋን ደስ ብሏቸው ነው የነገሩኝ። እየሳቁ።»

«ቀጥል።»

«‹ታዲያ ሰውየው በምን አውቀው ይመጣሉ? ይጥሯቸዋ› አልኳቸው። ‹አልጠራውም› አሉኝ። ‹እኛ ዘንድ ዋናው ነገር ሳይጠሩ መምጣት ነው።›»

ኦብረን! አመንክ! አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ስትክደኝ የኖርከውን ደንብ ለጥርስ ሐኪም ዘረገፍክለት! ሌላው ሰው ጥርስ ሐኪም ፊት አፉን የሚከፍተው ጥርሱ ሲነቀል ነው፤ አንተ ግን ሳይነካህ ነው የተናዘዝከው። በደስታ ልፈነዳ ነበር። «በላሁት!» አልኳት ስታናን። እሷ ግን እኔን አይደለም የምትሰማው፤ ሐኪሙን ነው። ሰውየው አልጨረሰም ነበር።

«ከዚያ ወጥተው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ» አለ። «ቁልቁል ወደ ከተማው ዞረው። ዓይናቸው ደክሟል መሰለኝ፣ ‹አረንጓዴ በር ያለው ቤት ይታይሃል? ጭስ አለው?› ብለው ጠየቁኝ። ‹አዎ፣ ይጨሳል› አልኳቸው። ‹በቃ፣ አለ ማለት ነው› ብለው ተነስተው ሄዱ።»

ያን ቀን ባቄላ አርሮብኝ ይሆናል። ለዚህ ነው የጨሰው። ሌላ ነገር እንዳይመስልህ።

ግን ይሄን ነገር ልጠይቅህ፦ ከጓሮዬ ድንጋይ ቢወረወር የሚደርስበት ቦታ ተቀምጠህ፣ ጭሴን ጠይቀህ፣ ሳትገባ ሄድክ? እንዲህ ያለ ደረቅ ራስ ከየት ተገኘ? እኔ ብሆን ኖሮ... እኔ ብሆን ኖሮ እንደዚያው ነበር የማደርገው። ግን አንተን ነው የጠየቅኩህ።

እንግዲህ ጎብኚዎቹ ማንነቴን ሲሰሙ ከበቡኝ። ባለ ባርኔጣዋ ሴትዮ ባልዲዋን ትታ መጣች። «ወርቁ ምን ያህል ነበር?» አለችኝ። ሐኪሙ በዓይኑ ለመነኝ። እኔ ለማንም ብዬ እንደማልዋሽ ታውቃለህ። ግን አንተ ግድግዳው ላይ ባርኔጣህን አዘንብለህ፣ ደረትህን ነፍተህ ቆመሃል። ሁለት ክረምት ለውሃ የቆፈረ ጅል ነው ልበላቸው? ለክብርህ ብዬ «የፍየል ራስ ያህላል» አልኳቸው። «ከነቀንዱ።» ስለዚህ ማንም ቢጠይቅህ የፍየል ራስ ነው። ሸጠን አልተካፈልንም፤ ተሰረቅን። ማን ሰረቃችሁ ካሉህ አንተ ፈልግ፤ ሁሉን ነገር እኔ ልሥራልህ?

ስንወጣ ሐኪሙ እርሳስ አወጣና «ስምዎን ይንገሩኝ፤ ነገውኑ አስጽፈዋለሁ» አለኝ።

ኦብረን፣ ሰው የሚሆነውን ነገር አያውቅም። ስሜ ግድግዳ ላይ እንዲወጣ ፈልጌ አይደል ስጮህ የቆየሁት? አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ስታና ያነበበችው መጣብኝ፤ ከአበልጁ ጋር። አሥራ ስምንት ዓመት «ያ ሪስቶ» ስትለኝ ነው የምሰማው። ግድግዳው ላይ ግን አበልጅህ ነኝ። ስሜን ባስጽፍ ሐኪሙ ያንን ቢያጠፋውስ? ቦታው ጠባብ ነው።

«እንዳለ ተወው» አልኩት።

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ተወው አልኩህ። የበቅሎዋን ግን አስተካክል።»

«እሱን አልችልም» አይለኝ መሰለህ? «ፎቶውን የሰጡኝ እሳቸው ናቸው፤ ቃሉም የሳቸው ነው። ራሳቸው መጥተው ይህ ስህተት ነው ካላሉኝ አልነካውም።»

እንግዲህ ነገሩ እዚህ ላይ ደርሷል። የባቲስታ ልጆች ፎቶውን አላዩትም፤ ግን ከተማው ትንሽ ነው፣ አንድ ቀን ያያሉ። እናታቸው ጭነት ተጭና ግድግዳ ላይ ተሰቅላለች። ስለዚህ ጃክሰን መምጣት አለብህ። ይሄ ጥሪ ነው፤ ጥሪው ግን የበቅሎዋ ነው። ለበቅሎ ጉዳይ ሰው መጥራት ነውር አይደለም፤ ቄሱንም ጠይቄያቸዋለሁ፤ ጺማቸውን እየዳበሱ «አይደለም» ብለውኛል።

መቼ ትመጣለህ የሚለው የራስህ ጉዳይ ነው። ሐኪሙ ግን ዲሴምበር አሥራ ስምንት እንደሚመቸው ነግሮኛል፤ ማለት እኔ ነግሬው ተስማምቷል። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ የበቅሎዋን ስም ታስተካክላለህ። ከዚያ በኋላ ወደ ሳክራሜንቶ የሚሄድ አውቶቡስ የለም። ለዚህ እኔ ምን ላድርግ? አውቶቡስ የኔ አይደለም። በማግስቱ ዲሴምበር አሥራ ዘጠኝ፣ የቅዱስ ኒቆላዎስ ዕለት መሆኑን የቀን መቁጠሪያ ያየ ሁሉ ያውቀዋል፤ ወሬ ነው እንጂ ግብዣ አይደለም።

ሌላ ወሬ ልጨምርልህ። ዘንድሮ ዳቦው ላይ የሚፈሰው ወይን ከኛው ግንዶች ነው። ሐኪሙ አንድ ጠርሙስ ለስታና ሰጥቷታል፤ ቦት ጫማህ ያለበት። ዓሣውን አዝዣለሁ፤ ስንዴውን ስታና ትቀቅላለች። ዳቦውን ሲያዞሩት ከወዲያ በኩል የሚይዝ እጅ ያስፈልጋል፤ አምና ቄሱ ያዙልኝ፣ እጃቸው ለስላሳ ስለሆነ አንሸራተታቸው። የዶማ እጅ ነው የሚይዘው።

ወንበሬ ባዶ ሆኖ ይጠብቀኛል ብለህ ደግሞ እንዳትኮራ። ወንበርህን ለድመቷ ሰጥቻታለሁ፤ ከሰጠኋት ዓመታት አልፈዋል።

የክርስትና አባቴ፣ ይህን የምጽፈው እኔ ስታና ነኝ፤ አባዬ አላለውም። ድመት የለንም፤ ኖሮንም አያውቅም። በየዓመቱ ወንበርዎን ራሱ ተሸክሞ ያመጣና ፊቱን ወደ በሩ ያዞረዋል። ዓሣው እስኪቀዘቅዝ «ቆይ፣ አውቶቡሱ ይዘገያል» ይላል። ጸሎት የሚያደርሰው ከዚያ በኋላ ነው። ዝክሩ የሱ ነው፣ ስለዚህ አይጠራዎትም። እኔ ግን ባለቤቱ አይደለሁም፤ ደንቡ አይመለከተኝም። ይምጡ።

ስታና፣ እኔ ስለ ድመቷ የተናገርኩት ትንሽ ነው፤ ብዕርሽ ምነው ይሄን ያህል ሮጠ? «የድመት ነገር ሲጻፍ ይረዝማል» ትለኛለች። እሺ።

ኦብረን፣ ልጨርስ ነው። እኔ አንተ ሳትጠራኝ ወደ ጉድጓዳችን ሄድኩ። ደንቡን አከበርኩ። አሁን ተራው የማን እንደሆነ አንተም ታውቃለህ፣ ሐኪሙም ያውቃል፣ ቅዱስ ኒቆላዎስም ያውቃል። ከሥሩ ያለው መስቀል ፊርማዬ ነው፤ ከማዕድን ቤት ደሞዝ ስቀበል አደርገው የነበረው ነው። ከጎኑ የፈሰሰው ወይን ጠጅ ነው፤ አውቄ አይደለም ያፈሰስኩት። ብትፈልግ አሽትተው፤ ቆዳ ቆዳ ይላል።

አበልጅህ፣
ግድግዳው ላይ ስም የሌለው

በይ ስታና፣ አሁን ከመጀመሪያው ጀምረሽ አንብቢልኝ። ስለ ዝክሩ ስናገር «ና» ያልኩበት ቦታ ካለ ሰርዢው። ድመቷ ጋ ስትደርሺ ግን ምንም ሳታስቀሪ፣ ቀስ ብለሽ አንብቢ።